ከሂርና እስከ 207 ቁጥር፦ የድሬዳዋና የሐረር ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ወደ ድሬዳዋ

እናቴ ሰው ስትሸኝ ጭነት የምታሳፍር ነው የሚመስላት። ድሬዳዋ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሟ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ከረጢት ሽሮ፣ በላዩ ደግሞ ክዳኑን በፕላስተር ጠምጥማ ያሸገችው አንድ ባልዲ ንጥር ቅቤ አሸከመችኝና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤት ወጣሁ። ደጃፍ ድረስ ተከትላኝ መጥታ መጨረሻ ላይ የተናገረችው ምርቃት አልነበረም። «ባልዲዋን ይዘሃት እንድትመለስ» ነው ያለችኝ።

አውቶቡሱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ትኬቱ 1,250 ብር። መተሐራ ድረስ ተኛሁ። የነቃሁት በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ነው፤ ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አሮጌውን መንገድ ስለዋጠው፣ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መንገድ ላይ ሲኬድ አውቶቡሱ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። አዋሽ ላይ ቁርስ፣ ሚኤሶ ላይ ሙቀት። ከዚያ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ስንጀምር መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ጋቢም ከየሻንጣው ወጣ።

ሂርና መግቢያ ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ትርፉን ጎማ አውርዶ ቢረግጠው እሱም አየር የለውም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆምን። ሌላው ተሳፋሪ ሹፌሩን ሲራገም እኔ ደስ ብሎኝ ወረድኩ፤ እናቴም አጎቴም የተወለዱት እዚህ ነውና ጎማው ቦታ መርጦ የፈነዳ ያህል ቆጠርኩት። መንገድ ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት በ220 ብር እንቁላል ፍርፍር በላሁና የትምህርት ቤቱን አጥር ፈልጌ ሄድኩ። አጎቴ በ14 ዓመቱ ለግንበኞች ድንጋይ ያቀበለበት አጥር ነው። ያን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ 1 ብር ከ92 ሳንቲም ነበር፤ ይህን ቁጥር በቤታችን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ገንዘብ ባባከንን ቁጥር «አንድ ከዘጠና ሁለት!» እየተባልን ነው ያደግነው። አጥሩ እስካሁን ቆሟል። አንዱ ጥግ በቅርብ ጊዜ በብሎኬት ተጠግኖ ኖሮ፣ የተሰነጠቀው ድንጋዩ ሳይሆን ብሎኬቱ ነው። ለጋሼ ብዬ ፎቶ አነሣሁት።

ጨለንቆን፣ ቁልቢን አለፍን። የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታው ላይ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ ተሳለመ። ደንገጎ ላይ ገና ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከዚያ ቁልቁል በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ አንድ ልብስ ይወልቃል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው መታጠፊያ ላይ ከዕቃ መደርደሪያው ጠብ ያለ ነገር አንገቴ ላይ አረፈ፤ ለብ ያለ ነው። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ወዲያው ሸተተኝ። የእናቴ ፕላስተር የአዲስ አበባን ብርድ እንጂ የድሬን ግንቦት አላሰበም ነበር። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና የጎረቤቴ ነጠላ ጫፍ ቅቤ ጠጣ። ሴትዮዋ ግን ሳቁ፤ «ግድ የለህም ልጄ፣ የድሬ አየር ጸጉር ያደርቃል፤ ቀድመህ ተቀባህ» አሉኝ።

የአጎቴ ሆቴል ሳቢያን ሰፈር ነው፤ አራት ፎቅ፣ 34 ክፍል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ደረስኩ። ዘበኛው፣ አስተናጋጇ፣ ገንዘብ ያዥዋ ሁሉም «ፎርማን» ይሉታል፤ ባለቤትነቱን የሚያስታውስ ስም ማንም አልሰጠውም። ጋሼ ከእኔ በፊት ባልዲዋን ነው የተቀበለው። ክዳኑን ከፍቶ የጎደለውን በዓይኑ ለካና «ሩቡ መንገድ ላይ ቀርቷል» አለ፤ ቀጥሎ ሳመኝ።

ሻንጣዬን ሊያወጡልኝ ሲሉ ያየሁትን ግን በሕይወቴ አልረሳውም። ሊፍት መግቢያ በሚመስለው በር በኩል ወፍራም ገመድ ተንጠልጥሏል። ልጁ ሻንጣዬን መንጠቆ ላይ ሰቀለ፤ ወደ ላይ ጮኸ፤ ሻንጣው እየተወዛወዘ ሁለተኛ ፎቅ ገባ። ሕንጻው ሲታነጽ ለሊፍት የተተወው ጉድጓድ ዛሬም ባዶ ነው። ጋሼ ሊፍቱን ሊያዝ ዋጋ አጠያይቆ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ተወሰነና ዋጋው ከእጁ አመለጠ። እሱም ለሲሚንቶና ለአሸዋ የሚጠቀምበትን መዘውር ከመጋዘን አውጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቀለው። ሰው አይሳፈርበትም፤ በየፎቁ የብረት በር ተገጥሞ ተቆልፏል። የእንግዶች ሻንጣ ግን እንደ ሲሚንቶ ይወጣል፣ እንደ ፍርስራሽ ይወርዳል።

ክፍሌ 207 ነበር። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ነጠላ ጫማዬ ወደ አልጋው እየዋኘ ነው። ውሃው ወደ ማስወገጃው መሄድ ሲገባው ወደ በሩ ይመጣል። እንግዳ መቀበያዋ ላይ ላለችው ልጅ ስነግራት አፏን በእጇ ሸፈነች፦ «207 እኮ አይከራይም፤ የቤተሰብ ክፍል ነው።»

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ድሬዳዋ

ከንጋቱ 12 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ የአንድ ብር ሳንቲም በጣቶቹ መሃል ይዞ ቆሟል። «ተነሥ፤ ርክክብ አለ።»

በግንባታ ሥራ ላይ ያልዋለ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሚሸከም አያውቅም። ሕንጻ ሲያልቅ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። አማካሪ መሐንዲሱ ክፍል ለክፍል እየዞረ ጉድለቱን ይመዘግባል፤ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የተወሰነው ለመያዣ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ዓመት ሲሞላ፣ ጉድለቱ ሁሉ ተስተካክሎ ሲታይ፣ የመጨረሻው ርክክብ ይፈረምና መያዣው ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ቢፈነዳ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ጣጣ ነው።

«ሃያ ሦስት ሕንጻ አስረክቤያለሁ» አለኝ ደረጃውን ስንወጣ። «ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ኮንዶሚኒየም። አንዱ ውስጥ እንኳን አድሬ አላውቅም። ቁልፍ ሰጥቼ ዞር ነው። አሁን በየቀኑ 34 አማካሪ መሐንዲስ ሻንጣ ይዞ ይመጣብኛል። መያዣዬን የሚለቅልኝ ግን የለም።»

ባዶ ባደሩት ክፍሎች ውስጥ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ይላል፤ በሳንቲሙ ሴራሚኩን አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋል። ከሥሩ ሲሚንቶ የሞላው ሴራሚክ አጭርና ጥብቅ ድምፅ አለው፤ ባዶው እንደ ዱባ ያስተጋባል። ባዶ ያገኘው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ የሻወሩን ራስ ፈትቶ አቼቶ በሞላ ጣሳ ውስጥ ይነክረዋል፤ የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ቀዳዳዎቹ በነጭ ቅርፊት ይደፈናሉ። ሆቴሉ ውስጥ ከወጥ ቤቱ ይልቅ መታጠቢያ ቤቱ ብዙ አቼቶ ይፈጃል። በየፎቁ ኮሪደር ሲኬድ ሰላጣ ሰላጣ የሚሸተው ለዚህ ነው።

207 በር ላይ ስንደርስ ሳንቲሙን ኪሱ ከተተና አለፋት። እኔም ዝም አልኩ።

ቁርስ ከዚራ ሄደን በላን፤ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ለሁለት 300 ብር፣ ሻሂው በተጨማሪ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሃምሳው ቀን ስላልሞላ ዓርብነቱ አላገደንም። ከዚራ ጥላ ነው፤ ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ራስ ለራስ ገጥመዋል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ሐረር ተራራ ላይ ስለነበረች ባቡሩ ሊወጣት አልቻለም፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ጋሼ ይህን ታሪክ በራሱ ቋንቋ ነው የሚተርከው፦ «ይቺ ከተማ የሥራ ካምፕ ነበረች። ካምፑ ሳይነሣ ቀረ።»

አሮጌው ለገሃር ፊት ለፊት አቁሞ ጣራና በረንዳ አስተማረኝ። ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ንፋስ የሚያስገባ የእንጨት መዝጊያ፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ። እሱ በ1975 ዓ.ም. ከሂርና ሲመጣ ድንጋይ ጠረባን ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ የየመን ግንበኛ ይህን ሁሉ ነግረውት ነበር። ታዲያ የራሱን ሆቴል ፊት ምን አለበሰው? መስታወት! ከላይ እስከ ታች በአሉሚኒየም የታሰረ ሰማያዊ መስታወት፣ ያውም ወደ ምዕራብ። «የአዲስ አበባ ፊት ወስጄ ለድሬ ለጠፍኩላት» አለ፤ «ከሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ያሉት ክፍሎች ምጣድ ናቸው። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ እየሠራ የሚከፍለው እኔ ነኝ።» ባለፈው ዓመት መስታወቱ ፊት ባለ ቀዳዳ ብሎኬት እንደ ወንፊት አስገነባ። ከመንገድ ሲያዩት ሆቴሉ ኩል ተኩሎ በዓይነ ርግብ የተሸፈነ ይመስላል። እኔ ግን ከመስታወቱ ይበልጥ ወድጄዋለሁ።

ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱን አቋረጥን። ወንዝ ይሉታል እንጂ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ዝም አለ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የእሱም መጋዘን እዚህ አካባቢ ነበር። ውሃው ሲጎድል 400 ኩንታል ሲሚንቶ በየከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ አገኘው። ለማንም አላወራም አለኝ። ሰው ልጁን በአሸዋ ውስጥ እየፈለገ እንዴት የሲሚንቶ ነገር ይነሣል? የጠነከሩትን ከረጢቶች ለሠፈር ሰዎች ሰጠ፤ ጎርፍ ለመመለስ እንደ ግንብ ደረደሯቸው። የሆቴሉ መግቢያ ከመንገዱ ሰባት ደረጃ ከፍ ያለበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ትናንት ሻንጣ ተሸክሜ ስወጣው አማርሬው ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከተማው ተዘጋ። ሱቁም ቢሮውም ሰዉም ወደ ጥላ ገባ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል፤ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሜ ሳስበው ግን በዚያ ሙቀት ከተማውን ክፍት ማድረግ ነው ጅልነቱ።

ማታ በረንዳ ላይ ሆቴሉን እንዴት እንደጨረሰ ጠየቅኩት። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ከ2005 እስከ 2014 ዓ.ም.። አንድ መሥሪያ ቤት ያስረከበውን ሕንጻ ክፍያ ሦስት ዓመት ሲያዘገይበት ግንባታው በኮለኑ ቆሞ ቀረ፤ የፌሮው ጫፍ ዝጎ ቁራ ሠፈረበት። በመጨረሻ ገልባጭ መኪናውን ሸጦ አልጋና ፍራሽ ገዛ። «መኪናዋ ስትወጣ አለቀስኩ፤ አልጋዎቹ ሲገቡ አላለቀስኩም» አለ። ያለ ፉከራ ነው ያለው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ ሐረር

በሚኒባስ 130 ብር። ሐሙስ የወረድኩትን ጠመዝማዛ መልሼ ወጣሁት፤ ጃኬትም ተመልሶ ተለበሰ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት አቆመን።

ጋሼ አብሮኝ የመጣው ለሽርሽር አይደለም። ጀጎል ውስጥ በጥንታዊ የሐረሪ ቤታቸው እንግዳ የሚያሳድሩ አንዲት እናት ግድግዳቸው ስለተነፋ አስጠርተውታል። በሸዋ በር ገብተን፣ በፈረስ መጋላ አድርገን፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር እየሰማን ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ታጠፍን። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው ያሠሩት። ጋሼን የማረከው ግን ከግርጌው ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሐረሪዎች የጅብ መግቢያ ይሏቸዋል። ጎንበስ ብሎ አየና «ጅቡም ይግባ፣ ጎርፉም ይውጣ፤ ይህ ነው ሥራ» አለ።

እመቤቲቱ በሩ ላይ ተቀበሉን። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ፎርማን፣ ያ ሲሚንቶህ አላስተኛ አለኝ» አሉት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ 25 ዓመት ገደማ ይህን ግድግዳ የለሰነው ጋሼ ራሱ ነው። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በራሱ ፊት ያተነፍሳል። እሱ ግን ዘመናዊ ላድርገው ብሎ በሲሚንቶ ሸፈነው። እርጥበቱ መውጫ አጣ፤ ውስጡ ጭቃው ተፈታ፤ ልስኑ እንደ ጉንጭ ተነፋ። ጋሼ መዳፉን ለጥፎ ዳሰሰው፤ በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ ልክ እንደ ትናንቱ ሴራሚክ አስተጋባ። ጫፉን በመሮ ቀስ ብሎ ሲያነሣው አንድ ክንድ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ወረደ፤ ከኋላው እርጥብ አፈር ሸተተ። «ይቅርታ እህቴ» አለ። እሳቸውም «እኔ ነኝ ያዘዝኩህ፤ የጎረቤቴ ቤት አስቀንቶኝ» አሉት። ሲሚንቶው ተነሥቶ በጭቃና በኖራ እንዲለሰን ተስማሙ፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስለሆነች ፈቃዱን ቀድመው እንዲያወጡ ነገራቸው። የእጁን ዋጋ ሲጠይቁት ተቆጣ።

እኔ ነደባው ላይ ተቀምጬ ቤቱን አያለሁ። ነደባ በቀይ የተቀባ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ ቤቱ ውስጥ አምስት አለ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ የአሚር ነደባ የሚባለው ለትልቅ ሰው። በግድግዳው ላይ ስፌቶቹ ተደርድረዋል። ጋሼ በዓይኑ ከፍታውን እየለካ «እዚህ ቤት እንግዳ ሲገባ ማንም አይጠይቀውም፤ ወለሉ ራሱ ቦታውን ይነግረዋል። እኔ ለዚህ ሥራ ሦስት ልጆች ቀጥሬያለሁ» አለኝ።

እራት ሁልበት መረቅ ነበር፤ አብሹ ምላስ ላይ መጀመሪያ ይመራል፣ ከዚያ አይተውም። ማደሪያው ከቁርስ ጋር 1,500 ብር ነው፤ ጋሼን ግን አላስከፈሉትም፤ እኔን አስከፈሉኝ። ስለ ጅቦቹ ብዙ ሰው ስለጻፈ ልለፈው፤ አየኋቸው፣ ፈራሁ፣ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10፤ ሰርግ

ጠዋት ሆጃ ጠጥተን ተነሣን። ሐሮማያ ላይ ሐይቁን አየን፤ ደርቆ የነበረው አሁን ውሃ ይዟል። ጋሼ በመስኮቱ እያሳየኝ፣ ሐይቁ ሲደርቅ ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ጉድጓድ በፓምፕ ሽቅብ መገፋት እንደጀመረ ነገረኝ። ውሃን ሽቅብ የሚገፋ ሰው ያከብራል።

ሆቴሉ ስንደርስ አዳራሹ ነጭ ለብሷል። ፋሲካና ጰራቅሊጦስ መሃል ያለው ጊዜ የሰርግ ወራት ነው፤ ለጋሼ ደግሞ ከታኅሣሡና ከሐምሌው ቁልቢ ቀጥሎ ትልቁ ገበያው። 400 ሰው ተጠርቷል። ከሁለቱ ሸሚዞቼ አንዱን የሆቴሉ ላውንደሪ ሁለት ጊዜ አጥቦታል፤ ሆኖም ስገባ አንዲት አክስት «ይሄ ልጅ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል» ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

ሙሽሮቹ ገብተው ኬክ ሊቆረስ ሲል ውሃ ጠፋ። ወረፋችን አልነበረም፤ ሁለቱ ሮቶዎች ግን ሙሉ መሆን ነበረባቸው። ጋሼ ሱፉን እንደለበሰ ወደ ጣራ ሮጠ፤ እኔ በስልኬ መብራት ተከተልኩት። ውሃ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ኳስ፣ ክንዱ ላይ ኖራ ተጋግሮበት እንደተዘጋ ቀርቷል፤ ሮቶው ከትናንት ጀምሮ አልሞላም። ጋሼ እጅጌውን ሳይሰበስብ እስከ ትከሻው ገብቶ ቅርፊቱን በቁልፍ ፈቀፈቀው። ኳሱ ወረደ፤ ከታችኛው ታንከር ፓምፑ የገፋው ውሃ ደረቱ ላይ ፈነዳ። እንዲህ እያንጠባጠበ አዳራሽ ወርዶ ሙሽሮቹን መረቀ። ሰዉ ላብ መስሎት አዘነለት።

ሰርጉ ሲበተን እዚያው ጣራ ላይ ተቀመጥን። ሸሚዙን ገመድ ላይ አሰጣ። የሂርናውን አጥር ፎቶ አሳየሁት፤ ረጅም ጊዜ አየውና የብሎኬቱን ስንጥቅ በጣቱ አሰፋው።

«አንተስ ስንት ጉድለት መዘገብክብኝ?» አለኝ።

«አንድ። 207።»

ዝም አለ። ታች ወንበር ሲደራረብ ይሰማል።

«የመጨረሻዋ ክፍል ነበረች» አለ ቆይቶ። «ሴራሚክ ነጣፊው ተጣልቶኝ ሄደ። እኔ ልጨርሳት ብዬ ገባሁ። ውሃ ልክ አላስፈለገኝም፤ ዓይኔ ይበቃል አልኩ። 20 ዓመት ሙሉ ሌላውን ሳዝ እጄ እንደረሳ አላወቅኩም። አፍርሰው ብዬ ለማን ልዘዝ? ማን ሠራው ሲሉኝስ?»

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ መመለሻ

ለመመለሻው ጨክኜ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ ነበር፤ ጎማው አስተምሮኛል። ቁርስ በልቼ ሻንጣዬን ላወጣ ስመለስ 207 ውስጥ መዶሻ ይጮኻል። አልጋዬ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ጋሼ በካናቴራ፣ ጉልበቱ ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በመሮ እየነቀለ ነው። አጠገቡ ውሃ ልክ ተጋድሟል፤ ቢጫ፣ አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት ያልተላጠ። ነጠላ ጫማዬ ከፍርስራሹ ሥር ነበር፤ ተውኩለት።

ተነሥቶ በክርኑ አቀፈኝ፤ እጁ ነጭ ነበር። ሻንጣዬ በመዘውሩ ወረደ፤ እኔ በደረጃው።

አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጬ እናቴ ደወለች። የወንድሟን ጤንነት፣ የሰርጉን፣ የሐረሯን ሴትዮ ጠየቀችና ወደ ቁም ነገሯ ገባች።

«ባልዲዋን ይዘሃል?»

ባልዲዋን ከወጥ ቤት ፈልጌ አጥቻት ነበር። ያየኋት 207 ውስጥ ነው፤ አፏ ድረስ ነጭ ሲሚንቶ ተበጥብጦባት፣ ጋሼ በየሴራሚኩ መጋጠሚያ እየጨለፈ ሲሞላ።

«ሥራ ላይ ናት» አልኳት።